ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፊልሙ ብቻ አይደለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚጠይቁት ስለ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ሦስት ፊልሞች፣ በተለይም በሳጥን ታሽገው ስለሚሸጡት የተራዘሙ፣ ማለትም ሲኒማ ቤት ከታየው ላይ ትዕይንት የተጨመረባቸው ቅጂዎች ነው። ደሴ ፒያሳ ረጅም ዘመን ፊልም ሳከራይ የኖርኩ ሰው በመሆኔ ለእነዚህ ፊልሞች ያለኝን ፍቅር የድሮ ደንበኞቼ ያውቃሉ። ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ኮምቦልቻ የምኖር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነኝ። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ ለኢድ ሲመጣ የሦስቱንም ፊልሞች የተራዘመ ቅጂ በሳጥን ሊያመጣልኝ ነው። ማጫወቻውንም ከዚያው ሊገዛ አስቧል። ጎረቤቴ ግን «የአሜሪካ ዲስክ እዚህ አይሠራም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ» አሉኝ። እውነት ነው? የትኛውንስ ሳጥን ይግዛ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እኅቴ። ጎረቤትዎ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ነገሩ እንደ ዲስኩ ዓይነት ስለሚለያይ ወንድምዎ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ይህን ያንብቡለት።

ዲቪዲ ዓለምን በክልል ይከፋፍላል። አሜሪካና ካናዳ ክልል 1 ናቸው። አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ ክልል 2 ናቸው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር በክልል 5 ተመድባለች። የክልል 1 ዲቪዲ ለክልል 5 ብቻ በተሠራ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም። ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘው ብሉሬይ ደግሞ አከፋፈሉ በፊደል ነው፤ አሜሪካ «ኤ» ስትሆን እኛ ከአውሮፓ ጋር «ቢ» ውስጥ ነን። ከእርሱም ይበልጥ የጠራው የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ ግን የክልል ቁልፍ የለውም። ከየትም አገር ይገዛ በማንኛውም የ4ኬ ማጫወቻ ላይ ይሠራል።

ማጫወቻውም ከአሜሪካ ከመጣ ዲስኩና ማጫወቻው ይግባባሉ። ችግሩ መብራቱ ላይ ነው። የእነርሱ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ከማጫወቻው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳይሰኩት፤ ወዲያው ይቃጠላል። እኔን ቢሰሙኝ ግን ዲስኩን ከአሜሪካ፣ ማጫወቻውን ከዚሁ አገር ቢያደርጉት ይሻላል። ከዱባይ ከሚገቡት መካከል ሁሉንም ክልል የሚያነቡ አሉ። የአሜሪካ ዲስክ ከሰው ተውሰው ይሂዱና ባለሱቁ ፊትዎ ከፍቶ ሳያሳይዎ ብር አይክፈሉ። ባለሱቅ የሚምለውን ሳይሆን ማሳያው ላይ የወጣውን ይመኑ። ቤት ውስጥ ፕሌይስቴሽን 4 ካለ ብሉሬይ ያጫውታል፤ እርሱም ቢሆን የተገዛበትን አገር ክልል ይከተላል፤ የ4ኬ ዲስክ ግን አያነብም። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ያነባል። ቴሌቪዥንዎ የድሮው ባለ ቋቱ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ ዲቪዲ ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ሊሆንብዎ ይችላል፤ የሁለቱ አገሮች የቴሌቪዥን ሥርዓት የተለያየ ስለነበር ነው። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሁለቱንም ይቀበላል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የ4ኬ ሳጥን ዘጠኝ ዲስክ አለው። የሲኒማውንም የተራዘመውንም ቅጂ አብሮ ይዟል፤ ምስሉም እንደገና ተጠርጎ የተሠራ ነው። ነገር ግን ፊልሞቹ እንዴት እንደ ተሠሩ የሚያሳዩት ዲስኮች የሉበትም። በ2011 የወጣው የብሉሬይ ሳጥን አሥራ አምስት ዲስክ ነው፤ ስድስቱ ፊልሙን፣ ዘጠኙ ዲቪዲዎች የአሠራሩን ታሪክ ይዘዋል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ከ2002 እስከ 2004 ድረስ በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ የወጡት ዲቪዲዎች አሉ። እያንዳንዱ ፊልም አራት ዲስክ ነው፤ ሁለቱ ለፊልሙ፣ ሁለቱ ለአሠራሩ።

ትልቅና አዲስ ቴሌቪዥን ያለው፣ ምስሉን ብቻ የሚፈልግ ሰው የ2020ውን ይግዛ። እኔ ግን የአሠራሩን ዲስኮች የማይዝ ሳጥን ለቤተሰብ አልመርጥም። ምርጫዬ የ2011ዱ ነው፤ ማጫወቻዎ ዲቪዲ ብቻ ከሆነ የጥንቶቹን ዲቪዲዎች ይግዛ። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች በጥሩ ይዞታ ይገኛሉ። የ2011ዱን ከመረጡ ሳጥኑ ብሉሬይና ዲቪዲ የተቀላቀለበት መሆኑን ያስታውሱ፤ ማጫወቻው የሁለቱንም ክልል ማንበብ አለበት። አማርኛ በአንዱም ላይ ስለሌለ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ከፍተው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ለአያቱ እያስረዳ ማየት ነው። ኢዱን በሰላም ያድርስልን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሆጤ አካባቢ የምኖር ወጣት ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በስልክ አጫጭር ፊልሞችን እንሠራለን። ሦስቱንም ፊልሞች፣ የተራዘሙትንም ጭምር፣ ፍላሽ ላይ አስጭኜ አይቻቸዋለሁ። ታዲያ ሳጥን የሚገዛ ሰው እኔ ያላገኘሁትን ምን ያገኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ያንተን ደጋግሜ አነበብኩት።

የምስሉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። አንድ የብሉሬይ ዲስክ እስከ 50 ጊጋባይት ይይዛል፤ የተራዘመው ፊልም አንዱ ብቻ በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይመጣል። አንተ ፍላሽ ላይ ያስጫንከው ሁለት ወይም ሦስት ጊጋባይት ቢሆን ነው። ጨለማ የበዛባቸው ትዕይንቶች፣ ለምሳሌ የሞሪያ ዋሻ፣ በፍላሹ ላይ የተጨማለቀ ጥቁር ሆነው የታዩህ ለዚህ ነው። ድምፁም እንዲሁ ተጨምቋል።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። ፍላሽ ላይ የሚጭኑልህ ፊልሙን ብቻ ነው፤ የአሠራሩን ዲስኮች ማንም አይጭንልህም። እዚህ ከተማ ውስጥ ፊልም ለሚሠራ ወጣት ከፊልሙ ይልቅ እነዚያ ዲስኮች ያስፈልጉታል ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ሦስቱን ፊልሞች አንድ ላይ ነው ያነሣቸው፤ ሥራው ኒው ዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1999 ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2000 ቀጠለ። ዲስኮቹ ያንን ሥራ ከሥዕል ረቂቁ እስከ መጨረሻው የድምፅ ቅንብር ድረስ ያሳዩሃል። በእያንዳንዱ ፊልም ላይ ደግሞ አራት የተለያዩ የማብራሪያ ድምፆች አሉ፤ ዳይሬክተሩና ጸሐፊዎቹ፣ የዲዛይን ሰዎች፣ የምርትና የቅንብር ባለሙያዎች፣ ተዋንያን፣ ሁሉም በየተራ ፊልሙን እያዩ ይናገራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ላንሣልህ። አጭሩ ሆቢት ፍሮዶና ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ግዙፍ ሆኖ ይታያል። ይህ ሁልጊዜ የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ጋንዳልፍን የሚጫወተውን ተዋናይ ወደ ካሜራው ያቀርቡታል፤ ፍሮዶን የሚጫወተውን ያርቁታል። ጠረጴዛውን ለሁለት ከፍለው አንዱን ግማሽ አተልቀው፣ ሌላውን አሳንሰው ይሠሩትና ከካሜራው ፊት አንድ ጠረጴዛ መስሎ እንዲገጥም ያደርጉታል። ካሜራው መንቀሳቀስ ሲኖርበት ደግሞ የተዋናዩ መቀመጫና የጠረጴዛው ግማሽ ከካሜራው ጋር እየተመጠነ ይንቀሳቀሳል። ይህን አንተ ዛሬውኑ ያለ አንድ ብር ልትሠራው ትችላለህ። ጦሳ ተዳፋት ላይ አንዱን ጓደኛህን አቅርበህ ሌላውን አርቀህ አቁም። የስልክ ካሜራ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ከትልቁ ካሜራ ይልቅ ይመቻል። አስቸጋሪው ዓይን ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ከተያዩ ማታለሉ ይገለጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው ሌላው ያለ የሚመስልበትን ባዶ ቦታ እንዲያዩ ምልክት አድርግላቸው። በመካከላቸው መሬቱ እንዳይታይም ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ከፊት አስገባ።

የጦር ልብሱን ነገርም ተመልከት። ወታደሮቹ የለበሱት የብረት ሰንሰለት የሚመስል ልብስ ከፕላስቲክ ቱቦ በተቆረጡ ቀለበቶች የተሠራ ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አያያዟቸው። ሚናስ ቲሪት የምትባለው ነጭ ከተማ ከፊል በኮምፒውተር ብትሠራም መሠረቷ ካሜራ የሚዞራት ግዙፍ ሞዴል ነው። በሁለተኛው ፊልም አሥር ሺህ ጠላት ምሽጉ ፊት ሲጮህ የምትሰማው ድምፅ ደግሞ ዌሊንግተን ስታዲየም ውስጥ ክሪኬት ለማየት ከተሰበሰበ ሕዝብ የተቀዳ ነው። ጃክሰን በጨዋታው እረፍት ሜዳው መካከል ቆሞ የሚጮኸውን ቃል ለሕዝቡ እያሳየ አስጮኸው። እናንተም ገንዘብ ሲያጥራችሁ ያለው ሕዝብ አለላችሁ፤ የሰኞ ገበያ ጫጫታ በስልክ ተቀድቶ ስንት ትዕይንት ሊሞላ እንደሚችል እስቲ አስበው።

ሙዚቃውን ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም። ሃዋርድ ሾር ለየሕዝቡ የራሱን ዜማ ሰጥቶታል። የሮሃን ፈረሰኞች ሲመጡ የምትሰማው ሃርዳንገር የሚባል የኖርዌይ ቫዮሊን ነው። ወሎ ተወልደህ ባቲና አምባሰል ከመጀመሪያው ምት የሚለዩልህ ስለሆንክ የማን አገር እንደ ደረስን በዜማው ብቻ እንዴት እንደሚታወቅ ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቅጂው ሲራዘም ሾር ለተጨመሩት ትዕይንቶች አዲስ ሙዚቃ ጽፏል፤ የድሮውን ጎትቶ አላረዘመውም።

ሳጥኑን ለመግዛት አቅም ካነሰህ ከጓደኞችህ ጋር አዋጡ። የአንድ ፊልም አራት ዲስክ ብቻ ለመጀመሪያ ይበቃችኋል። በመጀመሪያው ፊልም ጀምሩ፤ የአነሣስ ብልሃቱ በስፋት የተገለጸው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የ12 እና የ15 ዓመት። ፊልሞቹን አይተዋቸው አያውቁም። ከሲኒማው ቅጂ እንጀምር ወይስ በቀጥታ ወደ ተራዘመው እንግባ? ደግሞስ ያ ሁሉ ርዝመት ያስፈልጋል?

መልስ፦ የሲኒማው ቅጂ 178፣ 179 እና 201 ደቂቃ ነው። የተራዘመው 208፣ 223 እና 251። በድምሩ 124 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ያህል ተጨምሯል። ሁሉም ጭማሪ እኩል አይደለም።

የመጀመሪያውን ፊልም በተራዘመው ይጀምሩላቸው። የተጨመረው ግማሽ ሰዓት ታሪኩን አያንዛዛም። የሆቢቶቹ መንደር ኑሮ ሰፋ ይላል፤ ሎትሎሪየን ከሚባለው ጫካ ሲወጡ መንገደኞቹ የሚቀበሏቸው ስጦታዎችም እዚያ ይሰጣሉ። በሲኒማው ቅጂ የፍሮዶ ጓደኛ የሳም ገመድ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ በኋላ ብቅ ይላል።

ሁለተኛውን ያለ ማመንታት በተራዘመው ያሳዩዋቸው። የሁለት ወንድማማቾችና የአባታቸው አንድ ትዕይንት ተጨምሯል። አባትየው አንዱን ልጅ አብልጦ ሌላውን ሲያሳንስ እናያለን። ከዚያ በኋላ ታናሹ የሚያደርገው ሁሉ ይገባናል። የሲኒማው ቅጂ ይህን በማውጣቱ ያን ወጣት በድሎታል ብዬ አምናለሁ። እርስዎ መምህርት ስለሆኑ የ15 ዓመቱን ልጅ ከዚያ ትዕይንት በኋላ ማነጋገር እንደሚገባ እኔ አልነግርዎትም።

ሦስተኛው ላይ ግን ከሲኒማው ቅጂ ቢጀምሩ ይሻላል። 251 ደቂቃ ለ12 ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ ተጨማሪው ደም መፋሰስም አለ። በሁለተኛ ዙር የተራዘመውን ያሳዩዋቸው፤ የጠንቋዩ የሳሩማን መጨረሻ ያለው እዚያ ብቻ ነውና። በዚያው ቅጂ የማልወደውም አለ። የጠላት መልእክተኛ ከበሩ ወጥቶ ሲናገር ጀግናው ንጉሥ አንገቱን ይቀላዋል። ፊልሞቹ በተመሠረቱበት በቶልኪን መጽሐፍ መልእክተኛው በሕይወቱ ይመለሳል። መልእክተኛ አይገደልም፤ የእኛም ሽማግሌዎች የሚያውቁት ሕግ ነው። ያ ትዕይንት ንጉሡን ያሳንሰዋል። ልጆችዎ ሲያዩት ምን እንደሚሉ ይጠይቋቸው።

በአንድ ማታ አንድ ዲስክ ብቻ። የተራዘመው ፊልም በሁለት ዲስክ መከፈሉ ለዚህ ይመቻል፤ መብራት ቢጠፋም የት እንደ ቆሙ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከለንደን የላከችልኝ ዲቪዲ የመጀመሪያው ፊልም 200 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ያለው ብሉሬይ ደግሞ 228 ይላል። የኔ ተቆርጦ ይሆን?

መልስ፦ አልተቆረጠም። ፊልም የሚነሣው በሰከንድ 24 ምስል ነው። ለአውሮፓና ለእኛ ቴሌቪዥን የተሠራ ዲቪዲ በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፤ በዚህ የተነሣ ሁሉም ነገር በአራት በመቶ ይፈጥናል። 208 ደቂቃ የነበረው ወደ 200 ይወርዳል፤ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። 228 የሚለው ደግሞ ከፊልሙ በኋላ የደጋፊ ማኅበሩ አባላት ስም ዝርዝር ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚወርድ ነው። ታሪኩ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከደሴ ሸሽተን ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ አገኘነው። ቴሌቪዥኑና ማጫወቻው የሉም። የሟች ወንድሜ የነበሩት ባለ አራት ዲስክ ዲቪዲዎች ግን መሬት ላይ ተበትነው ነበር። ከሁለተኛው ፊልም አንድ ዲስክ ጠፍቷል፤ የቀሩትም ሻግተዋል፣ ተጭረዋልም። ልጥላቸው?

መልስ፦ እንዳትጥያቸው እኅቴ። ወንድምሽን ነፍስ ይማር።

ሻጋታው ላዩ ላይ ከሆነ ይለቃል። ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጨምሪ፤ ዲስኩን በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ እጠቢው፤ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። ስትጠርጊው በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመካከሉ ቀጥ አድርገሽ ወደ ጠርዙ ይሁን፤ በክብ አትጥረጊ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስጠጊበት። በክቡ መስመር የሄደ ጭረት ከመካከል ወደ ጠርዝ ከሄደው የባሰ ስለሆነ እርሱን በተለይ ተመልከቺ። ጭረቱ በላይኛው፣ ሥዕሉ ባለበት ገጽ በኩል ጠልቆ ከሆነ ግን መዳኛ የለውም።

የጠፋውን በተመለከተ ሙሉ ሳጥን መግዛት አያስፈልግሽም። እነዚያ ዲቪዲዎች በየፊልሙ ለብቻቸው ስለተሸጡ ውጭ ያለ ዘመድ የሁለተኛውን ብቻ ያገለገለ ገዝቶ ይላክልሽ። ሲገዛ ባለ አራት ዲስኩ መሆኑንና በጀርባው ያለው የክልል ቁጥር ከወንድምሽ ዲስኮች ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ፤ የሲኒማው ቅጂ ሽፋኑ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ ዲስኮቹን በየሽፋናቸው ከተሽ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ አስቀምጪ። የክረምቱ ጉም ወደ ቤት ስለሚገባ ከውጭው ግድግዳ አርቂያቸው፤ ፀሐይም አያግኛቸው።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ስከፍት ከላይና ከታች ጥቁር ይሆንብኛል። ልጄ በሪሞቱ አስፍቶ ሞላው። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ፊልሙ ሲነሣ ስፋቱ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ከሩብ በላይ ነው፤ ቴሌቪዥንዎ ከዚያ ይጠብባል። ልጅዎ ሲያሰፋው ከግራና ከቀኝ የምስሉ ሩብ ያህል ተቆርጦ ይቀራል። በጦርነቱ ትዕይንት ዳር ላይ የቆሙት ሰዎች የጠፉት በዚህ ነው። የቴሌቪዥኑን የምስል መጠን ወደ «16፡9» ይመልሱትና ክፍሉን አጨልመው ይዩት።